ጥቁርና ነጭ የጠጉር ምንጣፍ
(ለጎልማሶች ክፍል ማታ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ምንጣፍ ነው። ይኸውም ከጥቁርና ከነጭ የበግ ጠጉር ስለሚሠራው የቤት ምንጣፍ ነው። ትናንት ርእሱን ስናገር ከበሩ አጠገብ የተቀመጡ አንድ አባት «ምንጣፍ ለመርገጥ ደግሞ ፊደል ያስፈልጋል ወይ?» ብለው አሳቁን። ለመርገጥስ አያስፈልግም። ነገር ግን ምንጣፍ ለማሠራት ጠጉር ይወጣል፣ የፈታይ ድካም ይወጣል፣ የሸማኔ ዋጋ ይወጣል። ይህ ሁሉ ከወጣ በኋላ ምንጣፉ በአንድ ክረምት ቢበላሽስ? እንዲህ ያለ ነገር በእኔ ጥፋት ስለ ደረሰ ነው ዛሬ ስለ ምንጣፍ የማወራው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ ያደግሁት በከተማ ነው። ወደዚህ ወደ መንዝ ለማስተማር ስመጣ ያስጠጉኝ እናት የሁለት ዓመት ጠጉር አጠራቅመው ነበር። ነጩ በአንድ ስልቻ፣ ጥቁሩ በሌላ ስልቻ ተለይቶ ተቀምጧል። ልጃቸው ለሚመጣው ጥር ልትዳር ስለ ሆነ፣ እንግዳ የሚቀመጥበትን ቦታ ማሳመር አሰቡ። «ልጄ፣ አንተ የከተማውን ቤት ታውቃለህ። በየትኛው ላሠራው?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም ሳላስብ «በነጩ ይሁን እማማ፤ ነጭ ቤት ያደምቃል» አልኋቸው። የተማረ ተናገረ ብለው አመኑኝ። ጥቁሩን ጠጉር ሸጡት። ከነጩ 5 ክንድ በ3 ክንድ የሆነ ምንጣፍ ተሠራ። እውነትም ያምር ነበር።

ክረምት ገባ። ጭቃው እግር እየተከተለ ገባ። የዚህ አገር ቤት ግድግዳው ድንጋይ፣ ጣራው ጓሳ፣ በሩ አንድ ነው። ሰውም ጥጃም በዚያው ነው የሚገባው። ምንጣፉን ደግሞ በእኔ ምክር በሩ አጠገብ ነበር ያነጠፍነው። ነሐሴ ሳይጋመስ ነጭነቱ ቀረ። ታዲያ አንድ ቀን እማማ ገበያ ሄደው ሳለ፣ ልርዳቸው ብዬ ውሃ አፈላሁ፤ ምንጣፉን ዘፈዝፌ በሳሙና አሸሁት።

ባና የምትሠሩ ሰዎች ከአሁኑ ፈገግ ማለት ጀምራችኋል። የበግ ጠጉር በሙቅ ውሃ ሲታሽ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ምክንያቱን ልንገራችሁ። እያንዳንዱ የጠጉር ዘለላ በዓይን የማይታይ፣ እንደ ዓሣ ቅርፊት ያለ ሽፋን አለው። ሙቀትና መታሸት ሲያገኘው ቅርፊቱ እርስ በርሱ ይያያዛል፤ ከተያያዘም በኋላ አይላቀቅም። ጠጉሩ ይጠብቃል፣ ይኮማተራል። ለባና ይህ ደግ ነው፤ ነፋስ አያስገባም። ምንጣፉ ግን 5 ክንድ የነበረው 4 ክንድ፣ 3 ክንድ የነበረው 2 ክንድ ተኩል ሆነ። እማማ ከገበያ ተመልሰው አዩት። አንድ ቃል አልተናገሩኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ያልጠየቅሁት ሰው የለም። ሸማኔውን ጠየቅሁ፣ ፈታዮችን ጠየቅሁ፣ መጽሐፍም አነበብሁ። ያገኘሁትን እነሆ።

በመጀመሪያ ነጭ ቤት ያደምቃል ማለቴ ውሸት አልነበረም። ነጭ ነገር ብርሃንን ይመልሳል፣ ጥቁር ነገር ብርሃንን ይውጣል። የኩበቱ ጢስ ግድግዳውን ባጠቆረው ቤት ውስጥ ነጭ ምንጣፍ ቢገባ ልዩነቱ ወዲያው ይታያል። የተሳሳትሁት በቦታው ነው። ነጩ በር አጠገብ ሳይሆን ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ ከበሩ የሚገባው ብርሃን የሚያርፍበት ቦታ ላይ፣ በእንግዳው መደብ ፊት ይነጠፍ። በበሩ አጠገብ ጥቁር ምንጣፍ ወይም ያረጀ ቁርበት ይሁን፤ እግር እዚያ ይጠረግ።

«እንግዲያስ ሁሉንም ጥቁር ብናደርገው አይሻልም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። አይሻልም። ጭቃ በነጭ ላይ ይታያል፣ አመድ ደግሞ በጥቁር ላይ ይታያል። ምድጃ አጠገብ ጥቁር ምንጣፍ ያነጠፈ ሰው ቀኑን ሙሉ ሲያራግፍ ይውላል። ቡና የሚፈላበት ቦታ ላይ ጥቁርና ነጭ የተቀላቀለበት ቢሆን አመዱንም ጭቃውንም ይችላል። (ቄጠማ የምትጎዘጉዙ እናቶች ግን ምንጣፉን አስቀድማችሁ አንሱት፤ እርጥቡ ሣር ነጩን አረንጓዴ ያደርገዋል።)

ስለ መልኩ ደግሞ ሰው ሁሉ የየራሱ ምርጫ አለው። የእኔን ልናገር። ጥቁርና ነጩ በትንንሹ እንደ ገበጣ ጉድጓድ ቢበዛ ዓይን ያዞራል። ቤታችን ጠባብ ነው፤ ሰፋ ሰፋ ያለ መስመር ይበቃዋል። ከሁሉም የሚያምረኝ መካከሉ ነጭ፣ ዙሪያው ጥቁር የሆነው ነው። ነጠላ ያለ ጥለት ምን ይመስላል? ምንጣፍም እንደዚያው ነው። ደግሞም ቶሎ የሚቆሽሸውና የሚበላው ጠርዙ ስለ ሆነ ጥቁሩ እዚያ መዋሉ ይጠቅማል። ምንጣፉ ጥቁርና ነጭ ከሆነ ቀዩንና ቢጫውን ለመሶቡና ለሰፌዱ እንተውለት። መደቡ ላይ አጎዛ ብትጥሉበት የበለጠ ያምራል።

ጥቁር በግ ገበያ ላይ ዋጋው ዝቅ ይላል ሲባል ከእናንተው ሰምቻለሁ። ጠጉሩ ግን ሌላ ነገር ነው። ጥቁሩ ከበጉ ጋር የተፈጠረ እንጂ የተነከረ ስላልሆነ ሲታጠብ አይለቅም። ሆኖም ፀሐይ የመታው የጠጉሩ ጫፍ ወደ ቡናማ ይሄዳል። ስለዚህ ጠጉር ስትገዙ ገለጥ አድርጋችሁ ሥሩንም ጫፉንም እዩ። የተሠራ ምንጣፍ ከገበያ የምትገዙ ከሆነ ደግሞ ነጭ ጨርቅ በውሃ አርሳችሁ ጥቁሩን እሹበት። ጨርቁ ከጠቆረ ቀለም ነው፤ ቀለሙም አንድ ቀን ወደ ነጩ ይሄዳል።

ሻጩ «የበግ ጠጉር ነው» ካላችሁ ከጠርዙ አንድ ክር ለምኑና በክብሪት ለኩሱት። የበግ ጠጉር ከሆነ የተቃጠለ ጠጉር ይሸታል፤ በጣት ሲነኩት ይፈረፈራል። ናይለን ከሆነ ይቀልጥና እንደ ጠጠር ይደርቃል። ይህን የማያስደርግ ነጋዴ ካጋጠማችሁ ሌላ ነጋዴ ፈልጉ። ከዚያም ምንጣፉን ወደ ፀሐይ አንሥታችሁ እዩ፤ ብርሃን በብዛት የሚያሳልፍ ከሆነ ሽመናው የላላ ነው።

አያያዙንም ባጭሩ ልናገር። የበግ ጠጉር እርጥበት ይስባል፤ ሳያስታውቅ ብዙ ውሃ ይይዛል። በእርጥብ መሬት ላይ ብቻውን ከተነጠፈ ከሥር ይበሰብሳል። ከሥሩ ሰሌን ወይም ቁርበት አድርጉ። ብል ደግሞ ላብና ቅባት ያለበትን፣ ጨለማ ቦታ የተጠቀለለውን ይወዳል፤ በየጊዜው አውጥታችሁ በዱላ አራግፉት፣ ፀሐይ አስመቱት። ነጩን ግን ከቀን እስከ ቀን ፀሐይ ላይ አትተዉት፤ ቢጫ ይሆናል። ሲታጠብ በቀዝቃዛ ውሃ ነው፤ ሳይታሽ፣ ሳይጠመዘዝ፣ ተጨምቆ ብቻ። ይህን ያወቅሁት በውድ ዋጋ ነው። ዋጋውን የከፈሉት ግን እማማ ናቸው።

እና ያ ምንጣፍ ምን ሆነ? ጥቅምት ላይ እማማ «ያጠረውን በጥቁር እንሙላው» አሉ። በዙሪያው ግማሽ ክንድ የሚሰፋ ጥቁር ጥብጣብ አሠርቶ መስፋት ነው። ያን ጊዜ 4 ክንዱ 5 ይሆናል፤ 2 ክንድ ተኩሉ 3 ክንድ ተኩል ይሆናል። ጥቁር ጠጉር መግዛት ነበረባቸው፤ ከሸጡበት ዋጋ አስበልጠው ገዙ። ግማሹን ዋጋ እኔ ልክፈል ብዬ ለመንሁ፤ በግድ ተቀበሉኝ።

ባለፈው ሳምንት ወደ ሸማኔው አብረን ሄድን። ሸማኔው በጣቱ ቆጠረና «ሁለቱ ጎን 4 እና 4፣ ሁለቱ ጫፍ 2 ተኩልና 2 ተኩል፤ 13 ክንድ ጥብጣብ ይበቃል» አለ። እኔ ልናገር ስል እማማ ክንዴን ያዙኝ። ከመቀነታቸው የታጠፈ ወረቀት አወጡ። በዚህ ክፍል በተማሩት ቁጥር ምንጣፉን ሥለውበታል። «አራቱ ማዕዘንስ? ለእያንዳንዱ ግማሽ ክንድ ሲደመር 2 ክንድ ነው። 15 ክንድ ነው የሚፈልገው» አሉ። ሸማኔው ወረቀቱን ገልብጦ ገልብጦ አየው። ከዚያ «15 ነው» አለና ድሩን መዘርጋት ጀመረ።

ጥብጣቡ ገና አላለቀም። ለጥር ይደርሳል ብሎናል።