ከጓሮ ጋራዥ የወጣ ሻንሲ

(በኢዮቤልዩ በዓሉ ላይ በጋራዥ ሙያተኞች ስም የተደረገ ንግግር)



ከሁሉ አስቀድመን የዝግጅት ኮሚቴው በዚህ በዓል ላይ ለእኛ ለጋራዥ ሰዎች የመናገሪያ ጊዜ ስለሰጠን ከልብ እናመሰግናለን። እንደሚታወቀው እኛ በስብሰባ ላይ ከኋላ ወንበር የምንቀመጥ፣ እጃችንን ብንታጠብም ጥቁሩ ከጥፍራችን የማይለቅ ሰዎች ነን። የኮሙኒቲውን ታሪክ አሳምረው የሚናገሩ ስላሉ እሱን ለእነሱ ትተን፣ በተከራየነው ግቢ ከማንጎ ዛፍ ሥር ስለሠራነው አንድ የቦቴ መኪና ሻንሲ እንነግራችኋለን። ዓመቶቹን የምንጠራው እዚህ በለመድነው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ለመሆኑ ሰው ለምን በጓሮው ሻንሲ ይሠራል? ጁባ የኖረ መልሱን ያውቀዋል። ከተማችን በነጭ ዓባይ ዳር ተቀምጣ ለብዙ ዓመታት ብዙው ነዋሪ ውሃ ያገኘው ከቧንቧ ሳይሆን ከቦቴ ነው። ቦቴው ከወንዙ ዳር ይሞላል፤ ከዚያ በጉዴሌና በሙኑኪ ጉድጓድ ለጉድጓድ እየዘለለ በየበሩ ያለውን በርሜል ይሞላል። በዚህ ሥራ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ብዙ ነን። ዛሬ እዚህ ከተቀመጡት ልጆች የስንቶቹ የትምህርት ቤት ክፍያ ከቦቴ እንደወጣ ወላጆቻቸው ይመሰክራሉ።

መኪናዎቹ ግን አዲስ ሆነው አይመጡም። ሌላ አገር አርጅተው፣ በሞምባሳ ወደብ ወርደው፣ በኡጋንዳ አልፈው በኒሙሌ ይገባሉ። ከኒሙሌ እስከ ጁባ ያለው 192 ኪሎ ሜትር መንገድ በ2012 አስፋልቱ ሲጠናቀቅ ጉዞው ቀለለ፤ የሰፈር ለሰፈሩ መንገድ ግን ሻንሲ መሰንጠቁን አልተወም። በዲሴምበር 2015 ደግሞ መንግሥት የፓውንዱን ዋጋ ለገበያ ሲለቅ፣ ከ3 ፓውንድ የማይበልጠው የአንድ ዶላር ይፋ ዋጋ በአንድ ጊዜ ወደ 18 ተኩል ገደማ ወጣ። ከዚያ በኋላ ከውጭ ዕቃ ማዘዝ የባለጠጋ ነገር ሆነ። ሻንሲው የተሰነጠቀበት ሰው መኪናውን ያቆማል፣ ወይም ወደ እኛ መጥቶ «ጠጋግኑልኝ» ይላል።

አንድ ወንድማችን እንዲሁ መጣ። የግራው ብረት ከጋቢናው ጀርባ ተሰንጥቆ ሌላ ቦታ ሦስት ጊዜ ተበይዷል። ሦስት ጊዜም ወፍራም ላሜራ ተለጥፎበት፣ ሦስት ጊዜም ከላሜራው ጠርዝ ላይ እንደገና ተሰንጥቋል። እሱ የፈለገው አራተኛ ላሜራ ነበር። «እግረ መንገዳችሁንም ሻንሲውን አስረዝሙና የ8,000 ሊትሩን ታንከር አንሥተን የ12,000 እንስቀልበት» አለ። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው። 12,000 ሊትር ማለት የታንከሩን ክብደት ሳንቆጥር 12 ቶን ነው፤ መኪናው የተሠራው ግን ለ8 ቶን ነበር። ፍሬኑም፣ ባሌስትራውም፣ ጎማውም የተለካው ለ8 ቶን ነው። ሻንሲውን ብናጠነክረው እንኳ ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ አይሰማንም።

ታንከሩን እምቢ አልን፤ ሻንሲውን ግን በአዲስ መልክ እንሠራልሃለን አልነው። ተቆጣ። አምስት ልጆች አሉት፣ መኪናው ከቆመ ቤቱ ይቆማል። ሽማግሌ ላከብን፤ ሽማግሌዎቹም ግማሾቹ የቦቴ ባለቤቶች ስለነበሩ ነገሩ ቀላል አልነበረም። ሁለት እሑድ ቡና እየተጠጣ ተከራከርን። በመጨረሻ ታንከሩ 8,000 ሆኖ እንዲቀር፣ ለብረቱ መግዣ ደግሞ የዕቁቡ አባላት ተራቸውን ለእሱ እንዲያስቀድሙ ተስማማን። የመጀመሪያውን ዕጣ የለቀቁለት እንጀራ እየጋገሩ የሚሸጡ አንዲት እናታችን ናቸው። ዛሬም እዚህ አሉ፤ ስማቸውን እንዳንጠራ ስለነገሩን አንጠራም።

አሁን ልጆች ትንሽ አዳምጡን። ማስመሪያችሁን አጋድማችሁ ሁለቱን ጫፍ ብትደግፉና መሐሉን ብትጫኑ ይጎብጣል። በጠርዙ አቁማችሁ ብትጫኑት ግን እንቢ ይላል። የብረት ቁመት በእጥፍ ሲያድግ መጉበጥን የሚቋቋመው ስምንት እጥፍ ነው፤ ስፋቱ በእጥፍ ሲያድግ ግን ሁለት እጥፍ ብቻ። የሻንሲ ብረት ቆሞ የሚሠራው ለዚህ ነው። ሸክሙም ብረቱን እኩል አይጫነውም። በሁለት እግር መሐል ሲጫን የላይኛው ከንፈሩ ይጨመቃል፣ የታችኛው ይለጠጣል፣ ወገቡ ግን ብዙ አይጎዳም። ስለዚህ ቀዳዳ ከተበሳ ወገቡ ላይ ይበሳል እንጂ ከንፈሩ አይነካም። የእኛ ወንድም መኪና ላይ የታንከሩ ማሰሪያ የተበሳው የታችኛው ከንፈር ላይ ነበር። ስንጥቁ የጀመረውም ከዚያች ቀዳዳ ነው።

ሁለተኛው ነገር መጠማዘዝ ነው። ክዳን የሌለው የጫማ ካርቶን ይዛችሁ ብታጣምሙት እንደ ልብ ይጠማዘዛል። ክዳኑን ገጥማችሁ በፕላስተር ብታሽጉት ግን ድርቅ ይላል። ሻንሲ እንደ ክፍቱ ካርቶን ነው። አንዱ ጎማ ጉድጓድ ሲገባ ሌላው መሬት እንዳይለቅ አውቆ ይጠማዘዛል። ታንከር ደግሞ እንደ ታሸገው ነው፤ አይጣመምም። ሁለቱን አጥብቆ የበየዳቸው ሰው ያጣላቸዋል፣ ከሁለቱም ደካማው ይሰነጠቃል። ብዙ ሰው «አጠንክሩልኝ» ሲለን የምንከራከረው እዚህ ላይ ነው። የደረቀ ሻንሲ ጠንካራ ይመስላል እንጂ ቶሎ ይሞታል።

ወደ ሥራው እንግባ። ካስተም ሰፈር ከቆሙ ሁለት አሮጌ መኪናዎች ቁመታቸው 220 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረታቸው 6 ሚሊ የሆነ ብረቶች ገዛን። አንዳንድ አምራቾች ብረቱን በሙቀት አጠንክረው «አትበይዱ» የሚል ጽሑፍ ይለጥፉበታል፤ እንዲህ ያለውን አልነካንም፣ ምክንያቱም ብየዳ ጥንካሬውን ይበላዋል። የግራውና የቀኙ መገጣጠሚያ በአንድ መሥመር ላይ እንዳይውል አለያየናቸው። ጫፎቹን በሞረድ አሹለን፣ ብየዳው እስከ ውስጥ ድረስ እንዲገባ አድርገን በየድን፣ ከዚያ ከብረቱ እኩል እስኪሆን በግራይንደር ላጥነው። ከውስጥ የደገፍንበትን ላሜራ ጫፉን እንደ ዓሣ ጅራት ቆረጥነው። ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ላሜራ ጫናውን ሁሉ አንድ መሥመር ላይ ይሰበስባል፤ ያ ሦስት ጊዜ የተሰነጠቀውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ወቅቱ ዝናብ ነበር። ኤሌክትሮድ እርጥበት ከጠጣ ብየዳው ከላይ አምሮ ከውስጥ ይሰነጠቃልና፣ በዱቄት ቆርቆሮ ውስጥ አምፖል አብርተን እንደ ጫጩት አሞቅነው። መብራቱ የጄኔሬተር ነው፤ ነዳጅ ሲጠፋ ሥራው ይቆማል፣ ያን ጊዜ እንለካለን። በልኬት ላይ ስስታሞች አይደለንም። ብረቶቹን ካቫሌቶ ላይ አውጥተን፣ በውሃ ልክ አስተካክለን፣ ቱምቢ ጥለን ከግራው ጥግ ወደ ቀኙ ጥግ፣ ከቀኙም ወደ ግራው በሲባጎ ለካን። ሁለቱ ልኬቶች እኩል ካልሆኑ መኪናው እንደ ውሻ በጎኑ ይሄዳል፣ ጎማም ይበላል። መጀመሪያ ልዩነቱ 4 ሚሊ ነበር፤ 1 ሚሊ እስኪሆን አላሰርነውም። መስቀለኛ ብረቶቹን ወገቡ ላይ በቡሎን አጠበቅን፣ ከንፈሩን ሳንነካ።

እንዲህ ያለ ሥራ እኛ አልፈጠርነውም። አገር ቤት የአይሱዙ የጭነት ሻንሲ ላይ የአውቶብስ ቦዲ ቀጥቅጠው «ቅጥቅጥ» ያሉትን የሠሩት የእኛ ጋራዦች ናቸው። ከዚያም በፊት ኤንትሬ ፊያትን ከስንት ዓመት በኋላ እያስነሡ ያሠሩት እነሱው ናቸው። ቋንቋችንም ከዚያ ይመጣል። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ክሪክ፣ ቦቴ ራሱ፣ ሁሉም ከጣሊያን የወረስነው ነው። አብረውን የሚሠሩት የጁባ ልጆች በራሳቸው ዓረብኛ መሐል «ክሪክ አምጣ» ሲሉ ስንሰማ ያስቀናል።

ታንከሩን ያስቀመጥነው በብረት በብረት ላይ አይደለም። ከኢኳቶሪያ የመጣ የቲክ ጣውላ በመሐል አንጥፈን፣ ከኋላ በቡሎን አሰርነው፣ ከፊት ግን በሞላ ላይ አስቀመጥነው፤ ሻንሲው ሲጠማዘዝ ታንከሩን እንዳይጎትተው። በታንከሩ ውስጥም ቀዳዳ ያላቸው ሦስት ግድግዳዎች አቆምን። ሙሉ ቦቴ የሚያስፈራ ይመስላል፣ ነገር ግን የባሰው ግማሽ የሞላው ነው። ፍሬን ሲያዝ ውሃው ሁሉ ወደ ፊት ይሮጣል፣ ሲታጠፉም ወደ ጎን ይጥላል። እናቶች፣ ባለቤቶቻችሁ ግማሽ ጭነት ይዘው ሲመለሱ «ቀስ በል» ብላችሁ ደውሉላቸው። ሲነዱ ግን አትደውሉ።

ሥራው ሰባት ሳምንት ፈጀ። በርካሽ እንደሚጠናቀቅ ያሰበ ካለ አልተጠናቀቀም፤ ከአራተኛው ላሜራ ብዙ እጥፍ ወጥቶበታል። በመጀመሪያው ቀን በሩብ፣ ቀጥሎ በግማሽ፣ በመጨረሻ በሙሉ ጭነት ሞከርነው፤ ከእያንዳንዱ በኋላ ሲባጎውን መልሰን ዘረጋን።

ከዚያ ወዲህ መኪናው በወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ ወደ ግቢያችን ይመጣል። ብየዳው ላይ ላምባ እንቀባለን፣ ጥቂት ቆይተን አጥርገን እናደርቀዋለን፣ ከዚያ ጠመኔ እንነሰንስበታለን። ስንጥቅ ካለ ውስጥ የገባው ላምባ ተመልሶ ይወጣና ነጩ ላይ ጥቁር መሥመር ያሰምራል። እስካሁን መሥመር አላየንም። ሌላም ቦቴ ያለው ሰው በዚያ ቀን ይዞ ይምጣ፤ ለማየት ክፍያ አንጠይቅም። ልጁ እንዲያይ የሚፈልግ ወላጅም ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ከሆነ ይላከው፣ ሴት ልጅም ብትሆን። ሸበጥ አድርጎ የመጣውን ግን ከበሩ እንመልሳለን።