ውርጭና የባሕር ማዶ ወፎች
(በራዲዮ ከተሰጡት ንግግሮች)



የአውሮጳ ሰው «ክረምት» ሲል በረዶ የሚወርድበትንና ዛፍ ቅጠሉን አራግፎ የሚቆምበትን ወራት ማለቱ ነው። የእኛ ክረምት ግን የዝናምና የጭቃ ወራት ነው፤ በደጋው አገራችን አትክልት የሚያቃጥለው ብርድ የሚመጣው ዝናሙ ካቆመ፥ ሰማዩም ከጠራ በኋላ፥ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው። ዛሬ ለመናገር ያሰብሁት ስለዚሁ ውርጭና በዚያው ወራት ከሩቅ አገር መጥተው በየጓሮአችን ስለሚሰነብቱት ወፎች ነው።

አምና በታኅሣሥ አንድ ሌሊት ሦስት መደብ ድንችና አንድ መደብ ቲማቲም አጠፋብኝ። ማታ ለምለም ሆኖ የተውሁትን ቅጠል ጠዋት ነጭ አመዳይ ለብሶ አገኘሁት፤ ፀሐይ ሲነካውም በፈላ ውኃ እንደ ተነከረ ሆኖ ጠቆረና ተዝለፈለፈ። ከጎኑ የነበረው ጎመን ምንም አልሆነም። የቲማቲሙስ ይቅር፤ ድንቹ ግን ለዐቢይ ጾም የቤተ ሰቡ ቀለብ ይሆናል ብለን የተማመንንበት ነበር። ባለቤቴ መደቡን አይታ አንዲት ቃል ሳትናገር ወደ ቤት ተመለሰች፤ ብትቈጣኝ በተሻለኝ ነበር።

ብዙዎቻችን ውርጭ እንደ ዝናም ከሰማይ የሚወርድ ይመስለናል። ነገሩ ግን ሌላ ነው። ምድር ቀን ከፀሐይ የተቀበለችውን ሙቀት ሌሊት ወደ ሰማይ ትመልሳለች። ደመና ካለ እንደ ጋቢ ሆኖ ሙቀቱን ያግደዋል፤ ሰማዩ ጠርቶ ነፋሱም ጸጥ ሲል ግን ሙቀቱ ያለ ከልካይ ይሄዳል፥ ቅጠሉም በዙሪያው ካለው አየር ይልቅ ይቀዘቅዛል። የቀዘቀዘ አየር ደግሞ ከባድ ስለ ሆነ እንደ ውኃ ወደ ዝቅተኛው ስፍራ ይፈስሳል። በአንድ ተዳፋት ላይ ካሉት ሁለት ጓሮዎች የላይኛው ድኖ የታችኛው የሚቃጠለው ስለዚህ ነው። ደብረ ብርሃንን በመሰለ፥ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው አገር ባቄላ የዘራ ገበሬ ይህን ማንም ሳያስተምረው ያውቀዋል።

የመንዝ ተወላጅ የሆኑ አንድ ሽማግሌ ጎረቤቴ ጉዳቱን ሊያዩ መጡ። ድንቹን እንኳ በቅጡ ሳያዩ፥ በጓሮዬ ታችኛ ወገን ያለውን ጥቅጥቅ ያለ የጽድ አጥር በዱላቸው መታ አደረጉና፥ «ልጄ፥ ብርዱን ገድበህ አስቀምጠኸዋል፤ ይህን ቍረጠው» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። ነገር ግን አጥሩ ባዶ አልነበረም።

በዚያ አጥር ውስጥ በየዓመቱ ጥቍር ቆብ የደፉ የሚመስሉ ትንንሽ ግራጫ ወፎች ያድራሉ። ጥቍር ቆብ ያለው ወንዱ ነው፤ የሴቲቱ ቡናማ ነው። በሣሩ ላይ ደግሞ ሆዳቸው ቢጫ የሆነ፥ ጅራታቸውን ያለ ዕረፍት የሚነቀንቁ፥ ከከብት እግር ሥር ዝንብ የሚለቅሙ ሌሎች አሉ። እነዚህ ሃያ ግራም ያህል ብቻ የሚመዝኑ ፍጥረቶች የሚፈለፈሉት በአውሮጳና በእስያ ነው፤ በመስከረምና በጥቅምት ይመጣሉ፥ በመጋቢትና በሚያዝያ ይመለሳሉ። የሚያሰድዳቸው ብርዱ ብቻ አይደለም፤ በዚያ አገር ክረምት ሲገባ ትላትልና ዝንብ መጥፋቱ ነው። በእኛ ዘንድ ሌሊቱ ቢበርድም ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ነፍሳት ይበርራሉና ሲሳያቸው አይጐድልም።

ቀድሞ በአውሮጳ ወፎች በክረምት ከኩሬ ጭቃ ውስጥ ገብተው ያንቀላፋሉ የሚሉ ሊቃውንት ነበሩ። በ1822 እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ግን በሰሜን ጀርመን በክሉትስ አጠገብ አንድ ሽመላ ተገደለ፤ በአንገቱ ላይ ከአፍሪካ የመጣ ጦር ተሰክቶ ነበር። ይህ ሽመላ ከነጦሩ እስከ ዛሬ በሮስቶክ ዩኒቨርሲቲ ይገኛል። ጦሩን የወረወረው ሰው ምሳውን ሲያድን ለሊቃውንቱ ደብዳቤ መላኩን አላወቀም! በ1899 ደግሞ ሞርተንሰን የተባለ የዴንማርክ መምህር ቍጥር የተጻፈበት የአሉሚኒየም ቀለበት በወፎች እግር ላይ ማሰር ጀመረ፤ ከዚያ ወዲህ መንገዳቸው እየታወቀ ሄደ።

እንግዲህ አጥሩን ብቈርጥ እንግዶቹን ማባረር፥ ብተወው ደግሞ ድንቹን መቅበር ሆነብኝ። ብዙ ካሰብሁ በኋላ ከሥሩ አንድ ክንድ ያህል ቅርንጫፉን መለመልሁና የላዩን ተውሁት፤ ብርዱ መሬት ለመሬት ነውና የሚሄደው፥ ወፎቹም ከላይ ነው የሚያድሩት። ፍየሎች ግን በዚያ ቀዳዳ ሁለት ጊዜ ገብተውብኛል። ከዚህም ሌላ የረጠበ አፈር ቀን የተቀበለውን ሙቀት ሌሊት ቀስ እያለ ስለሚለቅ፥ ውኃ የማጠጣው ከቀትር በኋላ ሆነ፤ ሲመሽ መደቡን በገለባ እሸፍናለሁ፥ ጠዋት ፀሐይ ሲሞቅ እገልጣለሁ።

ዘንድሮም ውርጩ አልቀረም። የታችኛው መደብ ጫፍ ተቃጥሎአል፤ የቀረው ድንች ግን ቆሞአል። ገለባውን ስገልጥ ቢጫዎቹ ወፎች ከእግሬ ሥር እየመጡ ከገለባው የሚወጣውን ትል ይለቅማሉ፤ ባለቤቴም ዘንድሮ መደቡን ለማየት ጠዋት ጠዋት ከእኔ ቀድማ ትወጣለች።