አፍ የሚያደርቀው የጨጓራ መድኃኒት

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ጨጓራ ቁስለትና ለእርሱ ሲሰጥ ስለኖረ አንድ ዓይነት መድኃኒት ነው። መድኃኒቱ ዛሬ ለቁስለት እምብዛም አይታዘዝም። «ታዲያ ለማይታዘዝ መድኃኒት ምን አስቀመጣችሁን?» የምትሉ ትኖራላችሁ። የመድኃኒቱ ዘመዶች ዛሬም በብዙ ቤት መሳቢያ ውስጥ ስላሉ ነው።

መጀመሪያ ሁላችሁም የምታውቁትን ነገር እናንሳ። ሽንኩርት ሲቁላላ ሽታው ሲደርሰን ገና ሳንቀምስ አፋችን ምራቅ ይሞላል። ጨጓራችንም በዚያው ሰዓት አሲድ ማመንጨት ይጀምራል። ወሬውን ለጨጓራ ማን አደረሰለት? ከአንጎል ተነሥቶ በአንገትና በደረት በኩል ወደ ሆድ የሚወርድ ቬገስ የሚባል ነርቭ አለ። ነርቩ ጫፉ ላይ አሴቲልኮሊን የተባለ ንጥረ ነገር ይለቃል፤ መልእክተኛው እርሱ ነው። መልእክተኛው የጨጓራን በር ሲያንኳኳ አሲድ ይመነጫል። አንቲኮሊነርጂክ የሚባሉት መድኃኒቶች በሩ ላይ ቀድመው ይቀመጡና መልእክተኛውን ይከለክሉታል። አሲዱ ይቀንሳል፣ ቁርጠቱም ረገብ ይላል።

ከእነዚህ መድኃኒቶች የቆየው አትሮፒን ነው፤ የሚገኘውም ከዕፅ ነው። አገር ቤት አስተናግር የምንለውን ተክል ሽማግሌዎቻችን ያውቁታል፤ በአጥር ጥግና በጥራጊ መጣያ አጠገብ የሚበቅለው፣ ፍሬው እሾሃማ የሆነው። የበላው ሰው ይቀባጥራል፣ የሌለ ነገር ያያል። አትሮፒንና ወንድሞቹ በዚያ ተክል ውስጥ አሉ። እዚህም በኢየሩሳሌም፣ በኮቴል ድንጋዮች መካከል ቢጫ አበባ እያወጣ የሚበቅለው፣ በዕብራይስጥ ሺካሮን የሚባለው ተክል የዚሁ ዘር ነው፤ ስሙ ስካር ማለት ነው። በሁለቱም አገር ሰው ስሙን ያወጣው ያየውን አይቶ ይመስለናል። እነዚህን ቀቅሎ መጠጣት ሊገድል እንደሚችል ለልጆቻችሁ ንገሩልን።

በ1950ዎቹ ዓመታት ፕሮፓንቴሊንን የመሳሰሉ በፋብሪካ የሚሠሩ ክኒኖች መጡ። ቁስለት ያለበት ሰው ከምግብ ግማሽ ሰዓት በፊት፣ ማታም ከመተኛቱ በፊት ይወስድ ነበር። ሆኖም መልእክተኛው የጨጓራ ብቻ አገልጋይ አይደለም። ምራቅን፣ ላብን፣ የዓይንን ብሌን፣ ፊኛን፣ አንጀትን፣ ልብንና የማስታወስ ችሎታንም ያገለግላል። በአንዱ በር ሲከለከል በሁሉም ይከለከላል። ስለሆነም ሕመምተኛው ሆዱ ቢሻለውም አፉ እንደ ገለባ ይደርቃል፣ ማንበብ ያቅተዋል፣ ሆዱ ይደርቃል፣ ልቡ ይመታል። የፕሮስቴት ዕጢው ያበጠ አባት ሽንቱ እስከ መዘጋት ይደርሳል። አንዳንድ ዓይነት ግላኮማ፣ ማለትም የዓይን ግፊት ያለበት ሰው ደግሞ በድንገት ዓይኑን ሊያጣ ይችላል።

ይህን ሁሉ ችሎም የአሲዱ መቀነስ በከፊል ነበር፤ ሂስታሚንና ጋስትሪን የሚባሉ ሌሎች መልእክተኞች አሉና። በ1976 የሂስታሚንን በር የሚዘጋው ሲሜቲዲን በእንግሊዝ አገር ወጣ። በ1980ዎቹ መጨረሻ ደግሞ አሲድ የሚያወጣውን ፓምፕ ራሱን የሚዘጋው ኦሜፕራዞል መጣ። ከዚያ በኋላ የቀድሞው መድኃኒት ለቁስለት የሚፈለግበት ምክንያት እጅግ አነሰ።

ትልቁ ነገር ግን ሌላ ነበር። በ1982 ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል የተባሉ አውስትራሊያውያን ሐኪሞች በሕመምተኞች ጨጓራ ውስጥ ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለውን ተሕዋሲ አገኙ። ብዙዎች አላመኗቸውም። ብዙዎቻችን በሱዳን በኩል በተጓዝንበት በ1984 ማርሻል ተሕዋሲውን በራሱ ጠጥቶ ጨጓራው ተቆጣ። በ2005 ሁለቱም የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። ለብዙ ሰው የቁስለቱ ምክንያት ጭንቀት ወይም በርበሬ ሳይሆን ይህ ተሕዋሲ ነው ማለት ነው። በርበሬ ሕመሙን ሊያባብስ ይችላል እንጂ ቁስሉን አይፈጥርም። ተልባም ለጊዜው ያለሰልስ ይሆናል እንጂ ተሕዋሲውን አይገድልም። ተሕዋሲው በልጅነት ከቤተሰብ የሚተላለፍ ስለሆነ ከኢትዮጵያ በመጣን ሰዎች ዘንድ በብዛት ይገኛል። ሌላው የቁስለት ምክንያት አስፕሪንና እንደ ኢቡፕሮፌን ያሉ የሕመም ማስታገሻዎች ናቸው። ለልብ ብሎ ሐኪም አስፕሪን ያዘዘለት ሰው ግን በራሱ እንዳያቋርጥ።

ምርመራው ቀላል ነው፤ በኩፓት ሆሊም የትንፋሽ ምርመራ አለ። ከምርመራው በፊት አንቲባዮቲክ ቢያንስ ለ4 ሳምንት፣ ኦሜፕራዞልን የመሰለ ደግሞ ለ2 ሳምንት ያልተወሰደ መሆን አለበት፤ ማቋረጡን ግን ሐኪሙ ይወስን። ተሕዋሲው ከተገኘ አንቲባዮቲኮች ከአሲድ መቀነሻ ጋር ይታዘዛሉ፤ ብዙ ጊዜ ለ14 ቀን። ክኒኑ ብዙ ነው፣ አፍንም ያመራል። በአራተኛው ቀን «ተሽሎኛል» ብሎ የሚያቆም ሰው ብዙ ስላጋጠመን ነው ይህን የምናነሣው። ያኔ የቀረው ተሕዋሲ መድኃኒቱን ይለምደዋል። ሕክምናው ካለቀ ከ4 ሳምንት በኋላ መጥፋቱ እንደገና በምርመራ ይረጋገጣል።

አሁን ወደ መሳቢያው እንመለስ። ወደ 80 ዓመት የሚጠጉ አንዲት እናት ቤት ሄደን ነበር። ሌሊት ተነሥተው በሱዳን ከሞተች እኅታቸው ጋር ያወራሉ። ቤተሰቡ «አርጅተዋል» አለ፤ ከጎረቤት ዛር ነው ያለም ነበር። ልጃቸው እንጀራ መዋጥ እንዳቃታቸው ስትነግረን «እማማ፣ እስቲ አፍዎን ይክፈቱልን» አልናቸው፤ ምላሳቸው የተሰነጠቀ መሬት ይመስል ነበር። የመድኃኒት ከረጢታቸውን ስናፈስ ሦስት ነገር ወጣ፤ ዘመድ የሰጣቸው የቆየ የሆድ ቁርጠት ክኒን፣ ሽንት ለመያዝ የታዘዘላቸው ኦክሲቡቲኒን፣ ለእንቅልፍ ብለው የሚውጡት የቀድሞ ዓይነት የአለርጂ ክኒን። ሦስቱም አንቲኮሊነርጂክ ናቸው። ሦስቱንም አንድ ላይ ያየ ሐኪም አልነበረም፤ በቀጠሮው ያስተረጎመችውም የልጅ ልጅ ገና የ11 ዓመት ልጅ ነበረች።

እኛ መድኃኒት አናስቆምም፤ ከረጢቱን ይዘን ከልጃቸው ጋር ወደ ቤተሰብ ሐኪማቸው ሄድን። ሐኪሙ ሁለቱን አስቀረ፣ የሽንቱን በሌላ ቀየረ። በሦስተኛው ሳምንት እኅታቸው መሞቷን ራሳቸው ነገሩን፣ አለቀሱም። የሆዳቸው ሕመም ግን አልቀረም። የትንፋሽ ምርመራ ሲደረግላቸው ተሕዋሲው ተገኘ፤ 14ቱን ቀን ልጃቸው በስልክ እያስታወሰቻቸው ጨረሱ።

ለድብርትና ለነርቭ ሕመም የሚሰጠው አሚትሪፕቲሊንም የዚሁ ወገን ነው። የሚወስድ ሰው ዛሬ ማታ እንዳይጥለው፤ በድንገት ማቆምም ይጎዳልና ሐኪሙን ወይም የመድኃኒት ቤቱን ባለሙያ ይጠይቅ።

ሰገራው እንደ ሬንጅ የጠቆረ፣ ደም ወይም የቡና አተላ የመሰለ ነገር ያስመለሰ፣ ሆዱን በድንገት እንደ ጩቤ የወጋው ሰው ቀጠሮ አይጠብቅም፤ ወዲያው ወደ ሚዮን ይሂድ፣ ወይም 101 ይደወል። የብረት ክኒንና በቁስለቱ ሕክምና ውስጥ የሚገባው ቢዝመዝም ሰገራን ያጠቁራሉና የምትወስዱትን ለሐኪሙ ንገሩ።

ለሚቀጥለው ስብሰባ ከረጢቶቻችሁን ከነሙሉ ይዛችሁ ኑ፤ ከዘመድ የተቀበላችሁትንም፣ ጊዜው ያለፈበትንም አታስቀሩ። ማንንም አንቆጣም።