የኮምፒዩተር ሥዕልና አኒሜሽን ትምህርት
(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



ሁለተኛ ደረጃን የጨረሰ ልጅ ወደ አባቱ ቀርቦ «በዩኒቨርሲቲ የኮምፒዩተር አኒሜሽን ልማር» ብሎ ፈቃድ ሲጠይቅ፥ አባት ብዙውን ጊዜ «ስንት ቁም ነገር ሞልቶ ሳለ ዕድሜህን በልጆች ፊልም ልትፈጅ ነውን?» ይለዋል። ልጁም በበኩሉ ወደዚህ ትምህርት የሚሄደው ከሒሳብ የሚያመልጥ መስሎት ይሆናል። እንደ እኔ አስተያየት ሁለቱም ነገሩን አልተረዱትም።

ይህ ጥበብ ሥር ከሰደደባቸው ቦታዎች አንዱ በአሜሪካ የሚገኘው የዩታ ግዛት ነው። ዶክተር ኤድ ካትመል በልጅነታቸው ተንቀሳቃሽ ሥዕል ሠሪ ለመሆን ይመኙ ነበር፤ ነገር ግን እጃቸው ለሥዕል የሚበቃ ስላልመሰላቸው በዩታ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስንና የኮምፒዩተር ሳይንስን አጥንተው እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ1969 የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ተቀበሉ። ወደዚያው ዩኒቨርሲቲ ተመልሰውም በ1972 የገዛ ግራ እጃቸውን ቅርጽ በጀሶ አወጡ። ጀሶውን በመስመር እየከፋፈሉ የእያንዳንዱን ነጥብ ቦታ በቁጥር ለክተው ለኮምፒዩተር ሰጡ፤ ጣቶቹ ሲታጠፉና ሲዘረጉ የሚያሳይ ፊልምም ወጣ። ለሥዕል አልበቃሁም ያሉት ሰው በቁጥር በኩል ዞረው ወደ ሥዕል ገቡ ማለት ነው። እርሳቸው ከመሥራቾቹ አንዱ የሆኑበት ፒክሳር በ1995 «ቶይ ስቶሪ»ን፥ ማለት መላው በኮምፒዩተር የተሠራውን የመጀመሪያ ረጅም ፊልም፥ ለሕዝብ አሳየ።

አንዳንድ ሰው ኮምፒዩተሩ ራሱ አስቦ የሚስል ይመስለዋል። በመስኮቱ ላይ የሚታየው ፊት ግን በውስጡ የነጥቦች ሰንጠረዥ ነው፤ እያንዳንዱም ነጥብ ጐኑን፥ ከፍታውንና ጥልቀቱን የሚነግሩ ሦስት ቁጥሮች አሉት። ፊቱ ዞር እንዲል ነጥቦቹ ሁሉ በማትሪክስ ይባዛሉ። ብርሃን በጉንጭ ላይ ቀጥ ብሎ ሲያርፍ ይደምቃል፥ ጋደል ሲል ይደበዝዛል፤ የድምቀቱን ልክ የሚሰጠውም ልጁ በትምህርት ቤት ለፈተና ብቻ ያጠናው ኮሳይን ነው። ለአንድ ሴኮንድ ፊልም 24 ሥዕሎች ያስፈልጋሉና አምስት ደቂቃ የሚፈጅ ፊልም 7,200 ሥዕሎች ይጠይቃል።

ሒሳቡ ብቻውን ግን ሕይወት አይሰጥም። ባዶ እንስራ ያዘለችና ሙሉ እንስራ ያዘለች ሴት አረማመዳቸው አንድ አይደለም፤ ወገቡን፥ ጉልበቱንና አንገቱን አስተውሎ ያልተመለከተ ተማሪ ሁለቱንም አንድ ዓይነት አድርጎ ያስኬዳቸዋል። ስለዚህ በጥሩ ትምህርት ቤት ተማሪው እርሳስ ይዞ ሰውንና እንስሳን እያየ ሲስል ይውላል። በዚያው በዩታ በሚገኘው በብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲ የሥዕል ተማሪዎችና የኮምፒዩተር ተማሪዎች ተባብረው አጭር ፊልም ይሠራሉ፤ አንዱ ያለ ሌላው እንደማይሆንለት የሚያውቀው በዚህ ሥራ ላይ ነው።

የዚህ ሙያ እንጀራ የተረጋገጠ ነው ብዬ ለመናገር ግን አልደፍርም። ከ2022 ወዲህ በጽሑፍ ሲታዘዙ ሥዕል የሚያወጡ መሣሪያዎች በሕዝብ እጅ ገብተዋል፤ ቀድሞ ለጀማሪ ይሰጥ የነበረውን ሥራ ከፊሉን እነርሱ ሊወስዱት ይችላሉ። በደመወዝ ለሚተዳደር ቤተሰብ የአራት ዓመት ወጪ ቀላል ስላይደለ፥ ይህን ሳያመዛዝኑ ገንዘብ መክፈል አይገባም። አንድን የኮምፒዩተር ፕሮግራም አያያዝ ብቻ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ፕሮግራሙ ሲለወጥ የሚያረጅ ዲግሪ ይሰጣል። አባት ወይም እናት ከመፍቀዳቸው በፊት የትምህርቱን ዝርዝር አስመጥተው ሥዕል፥ ሒሳብና የፕሮግራም አጻጻፍ ሦስቱም መኖራቸውን ይመልከቱ፤ በቅርብ የተመረቁት ተማሪዎች የሠሩትንም ፊልም ይጠይቁ። ልጁንም ሁለት ነገር እንዲያመጣ ይዘዙት፤ አንደኛው እያየ የሳለበት ደብተር፥ ሁለተኛው የሒሳብ ውጤቱ ነው። ደብተሩ ባዶ ቢሆን ሦስት ወር ይሰጡትና ይሙላው።