ሽንት ለምን ያጣድፋል? የማደንዘዣ መድኃኒት ምስክርነት



ዛሬ የምናገርበት ጉዳይ በሰው ፊት ሊነሣ የሚያሳፍር ይመስላል፤ ነገር ግን ብዙ ሰው በዝምታ የሚሠቃይበት ስለ ሆነ ዝም ብሎ ማለፍ አይገባም። ይኸውም ሽንት ድንገት እየመጣ ሰውን የሚያጣድፍበት ሕመም ነው።

በስብሰባ ጊዜ ሁልጊዜ ከበሩ አጠገብ የሚቀመጥ፥ ሻይ ሲቀርብለት የሚመልስ፥ ወደ ሩቅ ቦታ ሂድ ሲባል ምክንያት የሚያበዛ ሠራተኛ አይታጣም። ባልደረቦቹ ሰነፍ ነው ይሉታል፤ እርሱ ግን በመንገድ ላይ እንዳያፍር መፍራቱ ነው። ሌሊትም ሁለት ሦስት ጊዜ እየተነሣ እንቅልፍ አጥቶ ያድራል።

የአዋቂ ሰው ፊኛ ከ400 እስከ 500 ሚሊ ሊትር ያህል ሽንት ይይዛል። እየሞላ ሲሄድ በግድግዳው ውስጥ ያሉት ነርቮች ወሬውን በሕብለ ሰረሰር በኩል ወደ አንጎል ያደርሳሉ፤ አንጎልም ጊዜው እስኪመች «ቆይ» ብሎ ያዛል። ይህ ሥርዓት ሲፋለስ ፊኛው ሳይሞላ ይጨማደዳል።

ነገሩን በመሥሪያ ቤት ልመስለው። ሦስት ባለ ጉዳዮች ብቻ ሳሉ «አዳራሹ ሞላ!» እያለ የሚጮኽ ዘበኛ ቢኖር ጥፋቱ የዘበኛው ነው። ዘበኛው እውነቱን ተናግሮ ሳለ አለቃው ሥርዓት ማስከበር ካቃተው ግን ጥፋቱ የአለቃው ነው። ሁከቱ አንድ ዓይነት ቢመስልም መፍትሔው ይለያያል።

ሐኪሞች ይህን ለመለየት ከሚጠቀሙባቸው ዘዴዎች አንዱ ዘበኛውን ለጥቂት ጊዜ ዝም ማሰኘት ነው። ለዚህም የሚሆነው ሊዶካይን የተባለው ማደንዘዣ ነው፤ እርሱም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1943 ዓ.ም. በስዊድን አገር በኒልስ ሎፍግሬን የተሠራና የጥርስ ሐኪሞች ዘወትር የሚገለገሉበት ነው። በመጀመሪያ ቀጭን ቱቦ በሽንት መውጫ በኩል ገብቶ ፊኛው ቀስ በቀስ በውሃ ይሞላል፤ መጠኑና ግፊቱም ይለካል። ከዚያ በኋላ የማደንዘዣው ውሃ ገብቶ ጥቂት ደቂቃ ይቆያል፤ ከወጣም በኋላ ልኬቱ እንደ ገና ይደገማል።

ፊኛው ከፊተኛው ይልቅ ብዙ ከያዘና ጥድፊያው ከቀነሰ፥ ሁከቱን የሚያነሣሡት የፊኛው ነርቮች ናቸው ተብሎ ይገመታል። ከነዚህም ሲ የሚባሉት ቀጫጭን ነርቮች በጤና ጊዜ ዝም ብለው ይኖራሉ፤ ፊኛው ሲቆጣ ወይም ሕብለ ሰረሰር ሲጎዳ ግን ይነቃሉ። ለውጥ ካልታየ ምክንያቱ ከላይ፥ ምናልባትም በአንጎል ዘንድ እንዲፈለግ ያመለክታል። ሆኖም ይህ ምርመራ ምስክር እንጂ ዳኛ አይደለም፤ በየሆስፒታሉም የሚደረግ አይደለም። ሐኪሙ ከሌላው ማስረጃ ጋር ያመዛዝነዋል።

ከዚህም በፊት የሚቀድሙ ቀላል ነገሮች አሉ። ሽንት ይመርመር፤ ቁስለት ወይም ስኳር በሽታ እንዳለ ይታይ፤ ወንድ ከሆነም የፕሮስቴት ዕጢው ይመርመር። በሽተኛው ለሦስት ቀን ያህል የጠጣውንና የሸናውን፥ ከነሰዓቱ በወረቀት ቢጽፍ ለሐኪሙ ታላቅ እርዳታ ነው፤ መዝገብ መያዝ ደግሞ ለእናንተ አዲስ ሥራ አይደለም። ውሃ መጠጣትን ፈጽሞ መተው ግን ስሕተት ነው፤ የተጠራቀመ ወፍራም ሽንት ፊኛውን ይብሱን ያስቆጣዋልና። በሽንት ደም የታየበት፥ ትኩሳት የያዘው ወይም እግሩ የደነዘዘ ሰው ሳይዘገይ ይሂድ።

አባቶቻችን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ። ከበሩ አጠገብ የተቀመጠው ወንድማችንም ምክንያቱ ታውቆለት ከወንበሮቹ መካከል በሰላም የሚቀመጥበት ቀን እንዲመጣ፥ እርሱ አይፈር፤ እኛም አንሣቅበት።