ስለ ቡድሃ ትምህርት የተነገረ ንግግር



ከስሪላንካ እስከ ጃፓን ድረስ ብዙ ሚሊዮን ሕዝብ የሚከተለው የቡድሃ ትምህርት በትምህርት ቤት ሲነሣ፥ ሕፃናት አስቀድመው የሚስቁት በስሙ ነው። ነገር ግን ቡድሃ ማለት በጥንት የሕንድ ቋንቋ «የነቃ» ማለት ነው እንጂ፥ በአገራችን በዓይኑ ሰው ይበላል ከሚባለው ቡዳ ጋራ ከድምፅ በቀር አንዳች ዝምድና የለውም። መምህሩ ይህን አስቀድሞ ቢያስረዳ ሳቁ ቶሎ ያልፋል።

የሰውየው ስም ሲዳርታ ጎታማ ነው። ከጌታችን ልደት በፊት በግምት 500 ዓመት ቀደም ብሎ፥ ዛሬ ኔፓል በሚባለው አገር በሉምቢኒ ከመኳንንት ወገን ተወለደ። ተከታዮቹ እንደሚተርኩት፥ አባቱ ኀዘን እንዳያይ በአዳራሽ ውስጥ አሳደገው፤ እርሱ ግን በየጊዜው ወጥቶ ሽማግሌ፥ በሽተኛና ሬሳ አየ፤ በመጨረሻም ፊቱ የተረጋጋ መናኝ አየ። በ29 ዓመቱ ሚስቱንና ልጁን ትቶ መነነ። በረላምና ይዋስፍ የተባለውን መጽሐፍ ያነበበ ሽማግሌ ይህን ታሪክ ከዚህ በፊት የሰማው ይመስለዋል፤ አልተሳሳተም፥ ነገሩም ወደ ኋላ ይነገራል።

መናኙ ስድስት ዓመት ያህል በጾም ሥጋውን ቢያደክም ያሰበውን አላገኘም። ስለዚህ እህል ቀምሶ፥ ቦድ ጋያ በሚባል ስፍራ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ሲያስብ ነቃ ይላሉ። ያስተማረውም ይህ ነው፤ ሕይወት ሥቃይ አለበት፤ የሥቃይም ሥሩ ምኞት ነው፥ እርሱንም በቋንቋቸው «ጥማት» ይሉታል፤ ጥማቱ ሲጠፋ ሥቃዩም ይጠፋል፤ ወደዚያ የሚያደርሰውም ከቀና አሳብ፥ ከቀና ንግግርና ከቀና ሥራ ጀምሮ ስምንት ክፍል ያለው መንገድ ነው።

ይህ ለሕፃናት ሳይከብድ አይቀርም። የኪሳ ጎታሚ ታሪክ ግን ይገባቸዋል። ይህች ሴት አንድ ልጇ ሞቶባት ሬሳውን ታቅፋ መድኃኒት ስትለምን፥ ቡድሃ ሰው ካልሞተበት ቤት ጥቂት የሰናፍጭ ፍሬ ለምና እንድታመጣ አዘዛት። ሰናፍጩን ማንም አልከለከላት፤ ነገር ግን በአንዱ ደጅ አባት፥ በሌላው ልጅ ሞቶ ነበር። ሲመሽም ባዶ እጇን ሆና ልጇን ቀበረች።

አትግደል፥ አትስረቅ፥ አትዋሽ ማለት በእነርሱም ዘንድ አለ። ልዩነቱን ግን መሸፈን አይገባም። ቡድሃ ሁሉን የፈጠረ አምላክ አለ ብሎ አያስተምርም፤ ሰው ሞቶ እንደ ሥራው ደግሞ ይወለዳል ይላል፤ ተስፋውም ከዚህ መመላለስ መውጣት ነው፤ ስሙም ኒርቫና ነው፥ ይኸውም እንደ መብራት መጥፋት ማለት ነው። በዚህ ከክርስቲያኑም ከእስላሙም ሃይማኖት ይለያል።

አሁን ወደ ይዋስፍ እንመለስ። የቡድሃ ታሪክ ከሕንድ ወደ ፋርስ፥ ከፋርስ ወደ ዐረብ ተሻገረ፤ ከዚያም በጆርጂያና በጽርእ የክርስቲያን መጽሐፍ ሆኖ እንደገና ወደ ዐረብ ተመለሰ። በ1553 በአውሮፓ አቆጣጠር፥ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን፥ የደብረ ሊባኖሱ አባ ዕንባቆም ከዐረብ ወደ ግእዝ መለሱት። ስሙም አስቀድሞ ቦዲሳትቫ፥ ማለት ለመንቃት የታጨ፥ ነበረ፤ ዐረቦች ቡዳሳፍ አሉት። በዐረብ ጽሕፈት በ እና የ በቃል መጀመሪያ ሲጻፉ የሚለዩት በነጥብ ብቻ ነው፤ ለበ ከታች አንድ፥ ለየ ሁለት። ከገልባጮች አንዱ አንዲት ነጥብ ቢጨምር ቡዳሳፍ ዩዳሳፍ ሆነ፤ በእኛም መጽሐፍ ይዋስፍ ተባለ።