የመንኰራኵሩን ልክ ማን ወሰነው?

(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ጉባኤ ላይ የተነበበ ንግግር)



የዛሬው ንግግራችን ስለ ብስክሌት መንኰራኵር ነው። ጉዳዩ ለዩኒቨርሲቲ ጉባኤ የሚያንስ መስሎ የሚታየው ሰው ቢኖር ጥቂት እንዲታገሠን እንለምነዋለን። አንድ ልክ በአጋጣሚ ተገኝቶ እንዴት እንደ ሕግ እንደሚጸና፥ ከጸናም በኋላ ሊለውጠው የቆረጠ ሠሪ ምን ያህል ድካም እንደሚጠብቀው ለማየት ከዚህ የቀረበ ምሳሌ አላገኘንም። ነገሩ በይበልጥ የሆነው በአሜሪካ አገር ነው፤ የምንጠቅሳቸውም ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የተራራ ብስክሌት የሚባለው ዓይነት የተወለደው በካሊፎርኒያ፥ ማሪን በተባለው አውራጃ፥ በታማልፓይስ ተራራ ዙሪያ ነው። በ1970ዎቹ ዓመታት የዚያ አገር ጐረምሶች አሮጌ ብስክሌት እየገዙ በተራራው የአፈር መንገድ ቍልቍል ይወርዱ ነበር። የሚመርጡትም የቺካጎው የሽዊን ፋብሪካ ከ1930ዎቹ ጀምሮ የሠራቸውን ከባድ ብስክሌቶች ነበር። ሽዊን በ1933 ወፍራም ጎማ ያለው ባለ 26 ኢንች መንኰራኵር ብስክሌት ለአሜሪካ ገበያ አቅርቦ ነበር። ይህ ብስክሌት የታሰበው በሰፈር መንገድ ለሚነዱ ልጆች ነው። ጎማው የወፈረው ጕድጓድና የድንጋይ ጠርዝ ቸርኬውን እንዳይሰብረው ነው። የካሊፎርኒያ ጐረምሶች ደግሞ ብስክሌቱን የወደዱት ዋጋው ርካሽ ስለ ሆነና ወፍራሙ ጎማ የተራራውን ድንጋይ ስለሚችል ነበር። ወረቀትና እርሳስ ይዞ ተቀምጦ «ለተራራ የሚስማማው ልክ 26 ኢንች ነው» ብሎ ያሰላ ሰው ከመካከላቸው አልነበረም።

ከጥቅምት 1976 ጀምሮ እነዚሁ ወጣቶች ፌርፋክስ በምትባለው ከተማ አጠገብ የቍልቍለት እሽቅድምድም አቋቋሙ። መንገዱ ከላይ እስከ ታች 400 ሜትር ያህል ይወርዳል። የአሮጌዎቹ ብስክሌቶች ፍሬን ፔዳሉን ወደ ኋላ ሲረግጡት በኋላው መንኰራኵር እምብርት ውስጥ የሚይዝ ዓይነት ስለ ነበረ፥ በቍልቍለቱ ግለት ውስጡ ያለው ግሪስ እየነደደ ይጨስ ነበር። ስለዚህ ከአንድ ውድድር በኋላ እምብርቱን ፈትቶ ግሪሱን እንደገና መሙላት ግድ ሆነ። ውድድሩም ከዚህ የተነሣ «ሪፓክ» ተባለ፤ እንደገና መሙላት ማለት ነው። በዚያ መንገድ ላይ በ4 ደቂቃ ከ22 ሴኮንድ በመውረድ የመጨረሻውን ፍጥነት ያስመዘገበው ጌሪ ፊሸር የተባለው ወጣት ነው። ስሙን እንድትይዙልን እንለምናለን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

በ1977 ጆ ብሪዝ የተባለው ጓደኛቸው ለዚሁ ሥራ ብቻ የታሰበ አዲስ አጽም ያለው ብስክሌት ሠራ። በ1979 ፊሸርና ቻርሊ ኬሊ ቶም ሪቺ የሚሠራቸውን አጽሞች እየገዙ የሚሸጡበት ትንሽ ድርጅት ከፈቱ። በ1981 ደግሞ ስፔሻላይዝድ የተባለው ኩባንያ በጃፓን ያሠራውን ስታምፕጃምፐር የተባለ ብስክሌት ለገበያ አወጣ። እነዚህ ሁሉ አዳዲስ ብስክሌቶች ከአሮጌው የወረሱት አንድ ነገር ነበር፤ ይኸውም የ26 ኢንች ልክ ነው። አዲሱ አጽም ከድሮው ይልቅ ቀላልና ጠንካራ ሆኖ ሳለ መንኰራኵሩ ግን ለልጆች የታሰበው እንደ ነበረ ቀረ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ወፍራም ጎማና ለርሱ የሚስማማ ቸርኬ በሱቅ የሚገኘው በዚያ ልክ ብቻ ነበር።

ከዚያ በኋላ ጃፓንና ታይዋን ያሉት ፋብሪካዎች ፎርማቸውን በዚሁ ልክ አወጡ። የፊተኛውን መንኰራኵር የሚይዘው ሹካም በዚሁ ልክ ተሠራ። ነጋዴው መጋዘኑን በዚሁ ልክ ሞላ። እንግዲህ በአሥር ዓመት ውስጥ አጋጣሚው ደንብ ሆነና «26 ካልሆነ የተራራ ብስክሌት አይደለም» ይባል ጀመር።

ይሁን እንጂ ትልቁ መንኰራኵር ከዓለም ጠፍቶ አልነበረም። በአስፋልት ላይ የሚሽቀዳደሙ ሰዎች ብስክሌት ጎማው የሚቀመጥበት ቸርኬ 622 ሚሊሜትር ወርድ አለው። የተራራው 26 ኢንች 559 ሚሊሜትር ነው። ልዩነታቸው 63 ሚሊሜትር፥ ማለትም የአራት ጣት ያህል ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ላይ ጄፍ አፕስ የተባለ እንግሊዛዊ፥ ኖኪያ የተባለው የፊንላንድ ኩባንያ ለበረዶ መንገድ የሚሠራውን ጎማ እያስመጣ ለጭቃና ለጫካ መንገድ በሚሠራው ብስክሌት ላይ ይገጥም ነበር። ከትልቁም ልክ ጥቂት ጎማ ወደ ካሊፎርኒያ፥ ወደ ፊሸርና ወደ ኬሊ ልኮላቸዋል። ነገር ግን ጎማው በበቂና በማያቋርጥ ሁኔታ የሚገኝ ስላልሆነ ሐሳቡ በዚያው ቆመ። በዚህ ጊዜ ሥራውን ያቆመው የእውቀት ማነስ አልነበረም፤ የጎማ ማነስ ነበር።

አሁን «63 ሚሊሜትር ምን ያህል ለውጥ ያመጣል?» ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር ሒሳቡን አብረን እናስላ። ለሁለቱም 55 ሚሊሜትር ከፍታ ያለው ጎማ እንስጣቸው። ትንሹ መንኰራኵር ከመሐሉ እስከ ዳሩ 334 ሚሊሜትር ተኩል፥ ትልቁ 366 ሚሊሜትር ይሆናል። በፊታቸው 10 ሴንቲሜትር ከፍታ ያለው ድንጋይ እናስቀምጥ፤ በእያንዳንዱም መንኰራኵር ላይ 50 ኪሎ ክብደት ይረፍ። መንኰራኵሩን ቀስ አድርጎ በድንጋዩ ላይ ለማውጣት በእምብርቱ ላይ ወደ ፊት የሚገፋው ኃይል ለትንሹ 51 ኪሎ ያህል፥ ለትልቁ 47 ኪሎ ያህል ነው። ከመቶ ሰባት እጅ ያህል ይቀንሳል ማለት ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ቢሆን ጥቂት ነው፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ብዙ መቶ ድንጋይ ለሚያልፍ ሰው ግን ጥቂት አይደለም። ከዚህም ሌላ ትልቁ መንኰራኵር በትንሽ ጕድጓድ ውስጥ ጠልቆ አይገባም፤ በላዩ ያልፋል።

ነገር ግን ያለ ዋጋ የሚገኝ ጥቅም የለም። የቸርኬው ዙሪያ 20 ሴንቲሜትር ያህል ስለሚረዝም በዚያው ውፍረት ቢሠራ ክብደቱ ከመቶ አሥራ አንድ እጅ ይጨምራል። ስለዚህ ከቆመበት ለማስነሣትና ለማፍጠን ይከብዳል። ሽቦዎቹ ሲረዝሙ መንኰራኵሩ ወደ ጎን ለመጣመም ይቀለዋል። ብስክሌቱ ስለሚረዝም በጠባብ መታጠፊያ ላይ ይዘገያል። ቁመቱ አጭር የሆነ ነጂ ደግሞ መሪው እጅግ ከፍ ይልበታል፤ ሲታጠፍም የእግሩ ጫፍ የፊተኛውን ጎማ ይነካል። ትልቁን መንኰራኵር የተቃወሙት ሰዎች ሁሉ ሞኞች ነበሩ የምንል ከሆነ እውነቱን አንናገርም።

እንግዲህ ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። የጌሪ ፊሸር የብስክሌት ድርጅት በ1993 በዊስኮንሲን የሚገኘው ትሬክ የተባለው ትልቅ ኩባንያ ንብረት ሆነ፤ ፊሸርም በስሙ በሚወጡት ብስክሌቶች ላይ መሥራቱን ቀጠለ። በ1990ዎቹ ዓመታት በኮሎራዶ ተራሮች ውስጥ ዌስ ዊልያምስ የተባለ ብስክሌት ሠሪ ትልቁን መንኰራኵር ለተራራ እያዋለ «ይህ ይሻላል» እያለ ይከራከር ነበር። ሁሉም ግን በአንድ ክብ ውስጥ ይዞሩ ነበር። ጎማ ሠሪው «ብስክሌቱ ሳይኖር ጎማውን ለማን እሸጣለሁ?» ይላል። ብስክሌት ሠሪው «ጎማ ሳይኖር ብስክሌቱን በምን አስኬዳለሁ?» ይላል። ሹካ ሠሪው ሁለቱንም ይጠብቃል። ነጋዴውም «ማን ጠየቀኝ?» ይላል። እያንዳንዱ በየራሱ ሲመዘን ትክክል ነው፤ በአንድነት ግን ማንም አይንቀሳቀስም።

ክቡ የተሰበረው በ1999 ነው። ዊልደርነስ ትሬይል ባይክስ የተባለው የካሊፎርኒያ ድርጅት ናኖራፕተር የሚል ስም የሰጠውን፥ በ622 ሚሊሜትር ቸርኬ ላይ የሚቀመጥ 2.1 ኢንች ስፋት ያለው የተራራ ጎማ አወጣ። ወፍራሙ ጎማ ሲጨመርበት የመንኰራኵሩ ጠቅላላ ወርድ ወደ 29 ኢንች ስለሚጠጋ «ሃያ ዘጠኝ» ተባለ። በፊሸር ስም የሚሠራውም ድርጅት ውሳኔውን አደረገ፤ ከ2001 ጀምሮ በፋብሪካ የተሠራ ባለ 29 ኢንች የተራራ ብስክሌት በሱቅ አቀረበ።

ይህ ውሳኔ ትልቁን መንኰራኵር በአሮጌው አጽም ውስጥ መክተት ብቻ አልነበረም። መንኰራኵሩ ሲያድግ አጽሙ፥ ሹካው፥ የመሪው ማዘንበል፥ የፔዳሉ ከፍታ ሁሉ እንደገና ይለካል። ለምሳሌ በመታጠፍ ላይ የነበረውን ዝግታ ለማሻሻል የሹካው ጫፍ ከቀድሞው ይልቅ ወደ ፊት እንዲወጣ ተደረገ። ይህም ቢሆን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ገበያው ቀዝቃዛ ነበር። ብዙ ነጋዴዎች አልተቀበሉትም፤ ነጂዎችም የሣቁበት አልታጡም። ሠሪው ያን ጊዜ ቢተወው ኖሮ ማንም «ለምን ተውኸው?» ባላለው ነበር።

አልተወውም። ሌሎችም ተከተሉ፤ ሰርሊ የተባለው ድርጅት በ2002 አንድ ብስክሌት በዚሁ ልክ አወጣ፤ በ2005 የተቋቋመው ናይነር ደግሞ በዚህ ልክ ላይ ብቻ ተመሠረተ። በ2011 ያሮስላቭ ኩልሃቪ የተባለው የቼክ ተወዳዳሪ በ29 ኢንች ብስክሌት የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ በ2012 በለንደን ኦሎምፒክም የወርቅ ሜዳይ አገኘ። በዚያ ውድድር ሁለተኛ የወጣው ስዊሳዊው ኒኖ ሹርተር የነዳው በሁለቱ መካከል ያለውን፥ ቸርኬው 584 ሚሊሜትር የሆነውን መንኰራኵር ነበር። «ለቍልቍለት ግን ከቶ አይሆንም» የተባለውም ክርክር በ2017 ተረታ፤ ግሬግ ሚናር በስኮትላንድ ፎርት ዊልያም የቍልቍለቱን የዓለም ዋንጫ ውድድር በ29 ኢንች አሸነፈ። ዓለምን ሠላሳ ዓመት ያህል የገዛው 26 ኢንች በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከታላላቅ ውድድሮች ወጣ።

በዚህ ላይ አንድ ጓደኛችን እንዲህ የሚል ክርክር አቅርቧል። «ይህ ሁሉ የነጋዴ ዘዴ ነው። ልኩን የለወጡት ሰው ያለውን ጥሎ አዲስ እንዲገዛ ነው።» ይህን ክርክር በቀላሉ አናልፈውም፤ እውነት አለበትና። ጥሩ ባለ 26 ኢንች ብስክሌት የነበረው ሰው ብስክሌቱ ሳይበላሽ ጥሩ ጎማና ሹካ ማግኘት እየቸገረው ሄዷል። ትንሽ ሱቅ ያለው ጠጋኝ የአንድ ልክ ፋንታ ሦስት ልክ ማስቀመጥ ግድ ሆኖበታል። ነጋዴውም ያለ ጥርጥር ተጠቅሟል።

የእኛ መልስ ይህ ነው። ነጋዴው መጠቀሙ ነገሩን ሐሰት አያደርገውም፤ ድንጋዩ ማን እንደ ተጠቀመ አይጠይቅም። ነገሩ አዲስ መሆኑም እውነት አያደርገውም። መመዘኛው የሚገኘው በመንገዱ ላይ፥ በሚነዳው ሰው ቁመት ላይና በሚከፈለው ዋጋ ላይ ነው። ለዚህም ማስረጃ የሚሆነን ሠሪዎቹ በመጨረሻ የደረሱበት ነው፤ አያሌዎቹ ለረጃጅም ነጂዎች ትልቁን፥ ለአጫጭሮች ትንሹን መንኰራኵር መግጠም ጀመሩ፤ ከፊት ትልቁን ከኋላ መካከለኛውን የሚያደርጉም አሉ። የ26 ጥፋት ትንሽ መሆኑ አልነበረም፤ ሳይመረመር ለሰው ሁሉ አንድ ሕግ መሆኑ ነበር። 29ም ሳይመረመር ለሰው ሁሉ ሕግ ቢሆን ያንኑ ጥፋት ይደግመዋል።

ጓደኞቻችን፤ ይህን ለእናንተ የምናቀርበው በምክንያት ነው። በአገራችን በምንሠራባቸው ዕቃዎች ዘንድ ብዙው ልክ ከውጭ ከዕቃው ጋር የመጣ ነው። «ቸርኬ» እና «ፍሬን» የሚሉት ቃላት እንኳ ከኢጣልያን ቋንቋ ከዕቃቸው ጋር የገቡ ናቸው። ነገ ከዚህ ወጥተን መሐንዲስ፥ አስተማሪ ወይም የቢሮ ሠራተኛ ስንሆን ከቀደሙን ሰዎች የምንረከበው ልክና ደንብ ብዙ ነው። ያን ጊዜ «አባቶቻችን ያደረጉት ነው» ብሎ ዝም ማለት ቀላል ነው፤ «አሮጌ ነው» ብሎ መጣልም ያንኑ ያህል ቀላል ነው። ሁለቱም ከመለካት ያድናሉና።

እኛ ግን ሦስት ጥያቄ እንድንይዝ እንመክራለን። አንደኛ፥ ይህ ልክ በመጀመሪያ የተመረጠው ለማን ሥራና በምን ምክንያት ነው? ሁለተኛ፥ ያ ምክንያት ዛሬም አለን? ሦስተኛ፥ ልኩ ቢለወጥ ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው? ሁለቱን ጠይቆ ሦስተኛውን የሚተው ሰው ነገሩን ያሻሻለ መስሎት ሌላውን ሰው ያለ ጎማ ያስቀረዋል። ሦስቱንም ጠይቆ መለወጥ ይገባል ብሎ የቆረጠ ሰው ደግሞ ጎማ ሠሪውን፥ ሹካ ሠሪውንና ነጋዴውን በአንድነት እስኪያነሣ ድረስ ሐሳቡ ብቻውን እንደማይሄድ ይወቅ። ገበያው በቀዘቀዘባቸው ዓመታትም እንዲጸና ያስፈልጋል።

ክርክር ያለው ጓደኛ እንዲነሣብን እንጋብዛለን።